ዋሪዮ ለጉያቱ ሰፈር ሲቃኝ

ዋሪዮ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ቀድሞ ሄዶ ማየትና ተመልሶ መናገር። በሊበን ገጠር ዝናብ ጠፍቶ ሣር ሲያልቅ መንደሩ ከብቱን ይዞ በዘፈቀደ አይነሣም። መጀመሪያ ቃኚ ይላካል። ቃኚው ሦስት አራት ቀን ተጉዞ ሣሩን ያያል፣ ውሃውን ይቀምሳል፣ ከዚያ በፊት ማን እንደ ሰፈረበትና ለምን እንደ ለቀቀ ይጠይቃል። ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀመጥና ከደጃፉ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ቁጥቋጦ ሳይዘል ያየውን ሁሉ ያወራል። እንሂድ ወይስ እንቅር የሚሉት ሰሚዎቹ ናቸው። የቃኚው ፋንታ ሳይጨምሩና ሳይደብቁ መናገር ብቻ ነው። መንገድ ላይ ባላንጣ እንኳ አግኝቶ “ሣር አይተሃል?” ቢለው ያየውን ይነግረዋል፤ ሣር መደበቅ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሞተ ውሻ ከመጣል አይለይም።

በዚህ ሥራ ዋሪዮን የሚያህል አልነበረም። አንድ ዓመት ያቀረበው ወሬ ከማለዳ ጀምሮ ከብት እስኪገባ እንደ ፈጀ፣ ከሰሚዎቹ አንዱ በመሃል ተነሥቶ ግመሎቹን አጠጥቶ ሲመለስ ዋሪዮ ገና ሁለተኛው ወንዝ ላይ እንደ ነበር ዛሬም ይወራል። ይሁንና በዋሪዮ ቃል ተነሥቶ የተጎዳ መንደር የለም።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሚስቱን ጉያቱን ስኳር ያዛት። በነገሌ ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ የምትወጋው መርፌ አዘዘላት፤ መድኃኒቱ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። በመንደራቸው ቀዝቃዛ ነገር የሚባለው ጠዋት የተቀዳ ውሃ ነው፤ እሱም እስከ ረፋድ ነው። ሐኪሙ ነገሩን አሳጠረው፤ “ፍሪጅ ካለበት ቤት አጠገብ ይኑሩ።”

ከብቶቹ ለልጆቹ ተተዉ። ዋሪዮ ወደ ነገሌ ለመሄድ ብርድ ልብሱን ሲያጣጥፍ ጉያቱ አጠገቡ ቆማ ተናገረች፤

“አርባ ዓመት ለላም ቦታ ስትመርጥ ኖርክ። አሁን ለእኔ እይልኝ። ሐሙስ በደቻሳ አይሱዙ እመጣለሁ። ከመኪናው ሳልወርድ ያየኸውን ትነግረኛለህ። ደስ ካለኝ እወርዳለሁ። ካላለኝ መኪናው ሲመለስ አብሬ እመለሳለሁ። ስኳሩም እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን።”

ጉያቱ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። አንድ ጊዜ ዋሪዮ ሳያማክራት አንዲት ጊደር ለአጎቱ ልጅ በመስጠቱ ወንድሟ ቤት ሄዳ አሥራ አራት ወር ተቀምጣለች። የተመለሰችው ጊደሯ ስትመለስ ነው፤ እሷም ጥጃዋን አስከትላ።

ስለዚህ ዋሪዮ ቅዳሜ ነገሌ ሲገባ ሐሙስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። መኪናው እንደ መጣ ከተመለሰ ጉያቱ መድኃኒቷን ይዛ ወደ ሙቀቱ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለገም።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ወንዶሰን የሚባል ደላላ ይቀመጣል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ቀደም ብሎ የሚደርስ ሰው ነው። ዋሪዮ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ወንዶሰን ቤቱን አቀረበለት፤

“ሁለት ክፍል፣ ሊሾ፣ ቆጣሪው የራሱ፣ ውሃ ግቢ ውስጥ፣ ግቢው ጽዱ። ዛሬውኑ ይገባሉ አባቴ።”

“ከዚህ በፊት ማን ነበረበት?” አለ ዋሪዮ።

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ለምን ለቀቀ?”

“አባቴ፣ እኔ ቤት ነው የማከራየው፤ ታሪክ አላስተምርም።”

“የማይታወቅ ከሆነ አደገኛ ነው” አለ ዋሪዮ፤ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ሊሄድ ተነሣ። ወንዶሰን በደላላነት ዘመኑ ብዙ ዓይነት ተከራይ አይቷል፤ ቤቱን ሳያይ የሚሸሽ ግን አላጋጠመውም። ነገሩ እልህ አስያዘውና ተከተለው።

እሑድ በአዶላ መውጫ በኩል ወዳለው አዲስ ሰፈር ወሰደው። ግንቦቹ ረጃጅም፣ ጫፋቸው ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለባቸው፣ የብረት በሮቻቸው አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። የእርዳታ ድርጅት ሰዎች የሚኖሩበት ነው። ወንዶሰን በሩን ከፍቶ “ይግቡ” አለ። ዋሪዮ አልገባም። በግንቡ ዙሪያ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን እያየ አንድ ጊዜ ዞረ።

“ምን ጠፋብዎት?”

“የፍየል በጠጥ የለም።”

“ጽዱ ሰፈር ነዋ! ያልኩዎት ይኼን አይደል?”

“ፍየሎቹ የት ሄዱ?”

“እዚህ ፍየል አይገባም።”

“ሰውስ?”

“ሰው ይገባል፤ በመኪና።”

ዋሪዮ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ሁለት መኪና ገባ፣ አንድ ወጣ። በእግሩ ያለፈው ሰው አንድ ነበር፤ እሱም ሰላም አላለም። ዋሪዮ ልብሱን አራግፎ ተነሣ።

“ይሄ እንደ መቃብር ነው። ሰው አለበት፤ ግን አይወጣም። ጉያቱ እዚህ ብትወድቅ ማን ያያታል?”

ሰኞ ጠዋት ከገበያው በላይ ወዳለው ሰፈር ሄዱ። እዚህ ፍየል ሞልቷል፤ የጎመን ቅጠልና የሙዝ ልጣጭ ጠግቦ ጎኑ የተነፋ ፍየል። ወንዶሰን “እንግዲህ ፍየል ያሉትን ይኸውልዎት” ብሎ በኩራት እጁን ዘረጋ፤ የእሱ ርስት ይመስል። ዋሪዮ አንዷን ሴት ፍየል በጆሮዋ ያዘና አፏን ፈልቅቆ ጥርሷን ማየት ጀመረ።

“ሌባ! ኧረ ሌባ!” የሚል ድምፅ ከአንድ ግቢ ወጣ። ባለቤቲቱ መጥበሻ ይዛ ደረሰች።

“አልሰረቅሁም፤ እያየኋት ነው” አለ ዋሪዮ ፍየሏን ሳይለቅ።

“የሰው ፍየል አፍ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?”

“ቤት።”

ሴትዮዋ ወደ ወንዶሰን ዞረች። ወንዶሰን ወደ ሰማይ አየ። ነገሩን አስረድቶ መጥበሻው ሲወርድ ዋሪዮ ከበረቱ ደጃፍ የተከመረውን የበጠጥ ጥራጊ በእንጨት ይነካካ ነበር። ከውስጡ ሰማያዊ ፌስታል እየጎተተ አወጣ፤ ጎትቶ አልጨረሰውም።

“ይሄ ሰፈር ሆዱ ሞልቷል” አለ፤ “የበላውን ግን አያውቅም።”

“አባቴ፣ እኔ በኪራይ ዋጋ የተጣላ አይቻለሁ፤ በሽንት ቤት የተጣላ አይቻለሁ። በፍየል ምክንያት ኮሚሽኔ ሲቀር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው” አለ ወንዶሰን። ፀሐዩ ከርሮ ነበር። አቋራጭ ነው ብሎ ከጦር ካምፑ አጥር ጀርባ ባለው መንገድ መለሰው፤ ሊያሳየው ግን አላሰበም። ሰፈሩ የወታደር ቤተሰብ የሞላበት፣ የቆርቆሮ አጥር የበዛበት፣ ደላላ የማይኮራበት ነው።

ዋሪዮ ግን በመንገዱ መሃል ቆመ። ቀትር ነው። ከአንድ ሰፊ ግቢ ደጃፍ፣ በአጥሩ ጥላ ሥር፣ አሥራ ሰባት ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ። ሴቶች ባልዲ ይዘው በመሃላቸው እየተራመዱ ያልፋሉ። አንዲቱ በወላይትኛ የሆነ ነገር ትላለች፣ ሌላይቱ በትግርኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ድንጋይ የሚያነሣ የለም። ፍየሎቹም ራሳቸውን አያቀኑም።

“እዚህ ክፍት ቤት አለ?” አለ ዋሪዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነበር። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ስንቄ ይባላሉ፤ ከወሎ የመጡ፣ የአንድ ሟች ሃምሳ አለቃ ሚስት። በመስኮታቸው ለስላሳ መጠጥ ይሸጣሉ፤ ከመስኮቱ ጀርባ ቁምሳጥን የሚያህል ፍሪጅ ያንጎራጉራል። ዋሪዮን ሲያዩ “አካም ቡልቴ፣ አባ!” አሉ ኦሮምኛውን በወሎ ዜማ አድርገው። ዋሪዮ የሰዉን፣ የልጁንና የዝናቡን ደህንነት በየተራ ጠየቀ፤ እሳቸውም አንዱንም ሳይዘሉ መለሱ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ አመጣ።

“ማን ነበረበት? ለምንስ ለቀቀ?”

ወንዶሰን ዓይኑን ጨፈነ። ወይዘሮ ስንቄ ግን ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ መሰሉ። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

“መቶ አለቃ ልዑልቃል ነበረ። አመለ ሸጋ! ወደ ሞያሌ ተዛውሮ ነው። ሚስቱ እንዴት አልቅሳ ሄደች መሰለህ። ከእሱ በፊት ደግሞ አንዲት ነርስ ነበረች፤ የእሷ ነገር እንኳ ረጅም ነው...”

“ረጅም ይሁን” አለ ዋሪዮ፤ እሱም ተቀመጠ።

ስለ መድኃኒቱ ሲነሣ ወይዘሮ ስንቄ የፍሪጁን በር ከፍተው አሳዩት። “እዚች ጥግ፣ ከለስላሳው ጎን። ከእኔ በቀር ይህን በር የሚከፍት የለም። ሰዓቷን ብትረሳ እንኳ እኔ እጮኽባታለሁ።”

ወንዶሰን እጆቹን አፋተገ። “ተስማማን! ቀብድ ይስጡና ይለቅ።”

“ገና ነው” አለ ዋሪዮ። “በቀትር አየሁት። ሲመሽ አየዋለሁ። በማለዳ ግን አላየሁትም።”

“ቤት እኮ ነው አባቴ! ጠዋትም ያው ቤት ነው!”

“ውሃም ያው ውሃ ነው። ጠዋት ግን ማን እንደሚጠጣው ይታያል።”

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዋሪዮ በካምፑ አጥር ሥር ነበር። አፈር አንሥቶ ወደ ላይ እየበተነ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየ። ከግቢው በር እስከ አጥሩ ያለውን በእርምጃ ለካ። የውሃ ቦቴ ሲገባ ቆሞ ጎማውን ተመለከተ፤ ምን ያህል እንደ ጫነ ለማወቅ ነው። ከዚያ በማማው ላይ ያለውን ዘብ ሰላም ብሎ በየጉድጓዱ ዳር ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረውን ጠየቀው፤

“ስንት ናችሁ? ውሃው ስንት ቀን ያቆያችኋል? ከዚህ የምትነሡትስ መቼ ነው? ወዴትስ ነው?”

ዘቡ በሥልጠና ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ተምሯል። በዚህ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጠይቃል ብሎ ግን አልጠበቀም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዋሪዮ በሁለት ወታደር መሃል ካምፑ ውስጥ ገባ።

ያቀረቡት ሻለቃ ኃይለማርያም ፊት ነው። ሻለቃው ወደ ነገሌ ከተዛወሩ ሁለት ሳምንታቸው ነው፤ ለጊዜው ሆቴል ያድራሉ። በጠረጴዛው ጥግ አሥር አለቃ ፀጋአብ ቃል ሊቀበል እስክሪብቶ አዘጋጅቷል።

“ስም?”

“ናጋ?” አለ ዋሪዮ። ሰው ሰላም ሳይባባል ስም አይናገርም።

ሻለቃው ትንሽ አመነቱና “ናጋ” አሉ።

“ኢጆሌን ናጋ?”

“ልጆች ደህና ናቸው። ሐዋሳ ናቸው፤ እኔ ሆቴል ነኝ።”

“ሎን ናጋ?”

“ከብት የለኝም።”

ዋሪዮ ሻለቃውን በሐዘኔታ ተመለከታቸው። “አይዞህ” አለ።

አሥር አለቃው ሳል ያዘው። ሻለቃው ፊታቸውን አጨፈገጉ። “እዚያ አጥር ሥር ምን ስታይ ነበር? ያየኸውን ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር ተናገር!”

ዋሪዮ ነገሌ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ ደግ ቃል የተናገረው ሰው አልነበረም። የጎማ ጫማውን አወለቀ፣ ብርድ ልብሱን አጥፎ ወለሉ ላይ አነጠፈ፣ ተቀመጠ። ከዚያም ቅዳሜ ጠዋት ከደጃፉ እንዴት እንደ ተነሣ ጀመረ።

አሥር አለቃው መጀመሪያ ቃል በቃል ጻፈ። በአዶላ መውጫ ሰፈር ወረቀት ጨመረ። ከገበያው በላይ ሲደርሱ ጣቶቹን ማፍታታት ጀመረ። ሻለቃው ሁለት ጊዜ “ወደ ፍሬ ነገሩ” አሉ፤ ዋሪዮም ሁለቱንም ጊዜ “እየመጣሁ ነው” አለ። መጥበሻው ሲደርስ ግን ሻለቃው ወደ ፊት ጠጋ ብለው ነበር።

“መታችህ?”

“አልመታችኝም። ፌስታሉ ላይ ልምጣ።”

የሚያወራው ሁሉ ልክ መሆኑን ሻለቃው እየቆየ ተረዱት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተቀመጡበት ከተማ ምን እንደሚመስል ያወቁት ዛሬ ነው። ስለ ወይዘሮ ስንቄ ግቢ ሲሰሙ፣ ስለ ሁለቱ ክፍሎች፣ ስለ ፍሪጁ፣ ከካምፑ በር መቶ ስልሳ እርምጃ ስለ መሆኑ ሲሰሙ፣ እጃቸውን አነሡ።

“ቆይ። ይህ ቤት አሁን ክፍት ነው?”

ሻለቃው ሆቴል ማደራቸውን ነግረውታል፤ ልጆቻቸው ሐዋሳ መሆናቸውንም እንዲሁ። ሰው ቤት ሲፈልግ ዓይኑ ውሃ እንደሚፈልግ ከብት ነው፤ ያን ዓይን ያውቀዋል። ሐሙስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። “ተይዟል” ማለት አንድ ቃል ነው። ምላሱ ላይ አመጣው፤ ከበደው፤ መልሶ ዋጠው።

“ክፍት ነው” አለ።

ሻለቃው በአክብሮት ለቀቁት፤ ይቅርታም ጠየቁ፤ አንድ የታሸገ ውሃም ሰጡት። ዋሪዮ በእግሩ ወደ ወይዘሮ ስንቄ ግቢ ሲገሰግስ የሻለቃው መኪና አቧራውን እያለበሰው አለፈ።

ከበሩ ላይ ወንዶሰን ተቀበለው። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

“ለሻለቃው ሰጧቸው! ከምድር ላይ ለቅመው ያገኙትን ቤት በገዛ አፍዎ ሰጧቸው! ዋሽተው ተከራይቼዋለሁ ቢሉ ምላስዎ ይቃጠላል?”

“ጠየቀኝ እኮ።”

“እኔስ ኮሚሽኔን አግኝቻለሁ፤ ለእርስዎ ነው የማዝነው” አለ ወንዶሰን። ማዘኑም እውነት ነበር፤ ማግኘቱም እውነት ነበር። ወይዘሮ ስንቄ በመስኮታቸው ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ። “ከሻለቃ ጋር ምን ይወራል?” አሉ በሐዘን። “ያልኩትን ሁሉ ሪፖርት ነው ብሎ ቢይዘውስ?”

ረቡዕን ዋሪዮ ሲዞር ዋለ። ፍሪጅ ያለበት ግቢ ባዶ ክፍል የለውም። ባዶ ክፍል ያለበት ግቢ ፍሪጅ የለውም። ሁለቱም ያሉበት አንድ ግቢ አገኘ፤ ጎረቤቱ እንጨት ቤት ነው፤ መጋዙ ሲጮህ ፍየል ይቅርና ዝንብ አያርፍበትም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በፊልቱ መውጫ በኩል ሲመለስ አሥር አለቃ ፀጋአብ በባጃጅ መጥቶ ያዘው።

“ሻለቃው ይፈልጉዎታል። ቶሎ ይግቡ።”

“ዛሬ ምንም አላየሁም” አለ ዋሪዮ ደንግጦ።

ሻለቃ ኃይለማርያም ስልካቸውን ከጆሯቸው አርቀው እንደ ጋለ ነገር ይዘውታል። ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል።

“ባለቤቴ ናት፤ እድላዊት” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከትናንት ወዲህ አንቱ ማለት ጀምረዋል። “ስለ ቤቱ ነገርኳት። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል አለችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ነፋሱስ አለችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ጎረቤቱስ አለች። አምስት ጊዜ ደህና ነው ካልኩ በኋላ፣ ቤቱን ያየ ሰው ካለ አቅርብልኝ አለች። እባክዎ ያዩትን ይንገሯት።”

ዋሪዮ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ናጋውን አዳረሰ። ከወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ሁሉንም መለሰች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፤ ዋሪዮም የሚጠይቅ ሰው በማግኘቱ ልቡ ሞቀ።

“ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። የዓርቡን አላየሁም፤ አከራይዋ ግን ቀይ ነው ብላኛለች።”

“ነፋሱስ፣ አባባ?”

“ከሰዓት በኋላ ከፊልቱ በኩል ይነሣል። አቧራው የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይገባል። እኔ ራሴ ሣጥን ከፍቼ አይቻለሁ።”

“ጸጥታውስ?”

“ገና ሳይነጋ ወታደር እየዘፈነ ይሮጣል። ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛው ዙር ላይ ዘፈኑ ይጨምራል።”

“አከራይዋ ምን ዓይነት ሰው ናት?”

“በጣም ደግ ናት። የሰማችውን ሁሉ ትናገራለች። ምስጢር ካለሽ እዚያ አታምጪው።”

ሻለቃው ግንባራቸውን ጠረጉ። በእጃቸው እየጠቆሙ “ጥሩ ጥሩውን! ጥሩውን!” አሉ። ዋሪዮ አልደበቀም፤ የግቢውን ትልቁን ውበት ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር።

“ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ” አለ በኩራት፣ “ቀትር ላይ አሥራ ሰባት ፍየል ከደጁ ተኝቶ ያመሰኳል።”

የእድላዊት ድምፅ ከፍ አለ።

“ከደጁ ላይ?”

“ደጁ ላይ። ስትገቢም ስትወጪም በመሃላቸው ነው።”

“ስልኩን ለሻለቃው ይስጡልኝ፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።”

ሻለቃው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ሰባት ጊዜ “እሺ” አሉ። ስልኩን ዘግተው ዋሪዮን ትኩር ብለው አዩት።

“ሆን ብለው ነው?”

“ምኑን?”

ሻለቃው ብዙ ሰው መርምረዋል። የዋሪዮን ፊት ከላይ እስከ ታች ፈተሹት፤ ምንም አላገኙበትም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ልጆቹ ትምህርት እስኪዘጋ ሐዋሳ ይቆያሉ፤ እሷም ሌላ ቤት እስኪገኝ አትመጣም። እኔ ሆቴሉ ይበቃኛል። ቁልፉን ለሴትዮዋ ያድርሱላት።”

ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የደቻሳ አይሱዙ ገበያው ዳር ቆመ። ጉያቱ ከጭነቱ ላይ፣ በሁለት ጆንያ መሃል፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጓዟ በነጠላ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። በብብቷ ሥር መድኃኒቱን የያዘ ፔርሙስ አለ፤ ውስጡ ደቻሳ ትናንት ከከተማ ያመጣላት በረዶ አለበት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወረዱ። እሷ አልተነቃነቀችም።

“ተናገር” አለች ወደ ታች።

ዋሪዮ ከመኪናው ጎን ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ ከቅዳሜ ጀመረ።

ሾፌሩ ደቻሳ ሩብ ሰዓት ታገሠ። ከዚያ ጥሩምባ ነፋ። “እማማ፣ ዱቄት ጭኜ ልመለስ ነው! ወይ ይውረዱ ወይ ይንገሩኝ!”

“ገና እሑድ ላይ ነው” አለች ጉያቱ።

ሰው ተሰበሰበ። ድንች ሻጮቹ ሚዛናቸውን ትተው መጡ። መጥበሻው ሲነሣ ሳቅ ሆነ፤ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው “ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ መጥበሻዋንም አውቀዋለሁ!” አለ። ወንዶሰን ላቡ እየወረደ በሰዉ መሃል ተጋፍቶ ገባ።

“እናቴ፣ ጥሩ ቤት ነው! ይውረዱ፣ መድኃኒቱ እንዳይሞቅ!”

“ይህ ማነው?” አለች ጉያቱ።

“ደላላ ነው” አለ ዋሪዮ።

“ዝም ይበል።”

ዋሪዮ ቀጠለ። የወይዘሮ ስንቄን ግቢ ሲነግራት የጉያቱ ፊት ትንሽ ተፈታ፤ ስለ ፍሪጁ ሲነግራት እጇ ፔርሙሱን ነካ። ሻለቃው ፊት ሲደርስ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። ብቻውን ሲሆን ደጋግሞ አስቦበታል፤ ይችን ቦታ ብቻ በአጭሩ ማለፍ ይቻል ነበር። ቤቱ እንደ ሆነ ተመልሷል፤ ወይዘሮ ስንቄ መልሰው የሰጡት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው።

“ሻለቃው፣ ቤቱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።”

“አንተስ?”

ድንች ሻጮቹ ጠጋ አሉ። ደቻሳ እንኳ እጁን ከጥሩምባው ላይ አነሣ።

“ክፍት ነው አልኩት።”

“ለእኔ ያገኘኸውን ቤት?”

“አዎ።”

“ስኳር እያለብኝ?”

“አዎ።”

“ወሰደው?”

“በዚያው ሰዓት ወሰደው።”

ከሰዉ መሃል “ወይኔ!” የሚል ተሰማ። ወንዶሰን ሊያብድ ደረሰ። “ተመልሷል! ቤቱ ተመል—”

“ዝም ይበል አልኩ እኮ!” አለች ጉያቱ። ከዚያ ዋሪዮን ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየችው። ጢሙ አቧራ ለብሷል፤ አንዱ የጎማ ጫማው ማሰሪያው ተበጥሶ በገመድ ታስሯል።

“ሞኝ!” አለችው። “መንገዱን ሁሉ ስፈራ የመጣሁት ሌላ ነገር ነው። ለእኔ ብሎ ያላየውን አየሁ ይለኛል፣ ከተማው አፉን አጣፍጦለት ይጠብቀኛል ብዬ።” ጓዟን ከጭኗ አንሥታ ወደ ታች ዘረጋችለት። “ያዝ።”

ዋሪዮ ጓዙን ተቀበለ። ጉያቱ ፔርሙሱን በብብቷ እንደያዘች እግሯን ጎማው ላይ አሳረፈች፤ ሁለት ድንች ሻጮች ደግፈው አወረዷት። ደቻሳ ሞተሩን አስነሣ። ወንዶሰን መንገዱን ሊያሳይ ከፊት ሮጠ፤ ቃል ግን አልተነፈሰም።

ጉያቱ ነጠላዋን አስተካክላ ከባሏ ጎን መራመድ ጀመረች።

“ቀጥል” አለችው። “ገና ማክሰኞ ላይ ነህ።”